በአሮጌ ምሽግ ውስጥ የታደረ አንድ ሌሊት

ከማድሪድ ወደ ቫሌንሲያ በሚወስደው አውራ ጎዳና 190 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው፥ ከመንገዱ ጥቂት ፈቀቅ ሲል አላርኮን ከምትባል የእስፓንያ መንደር ይደርሳል። መንደሪቱ ሁካር የተባለው ወንዝ ጥልቅ ገደል ፈልፍሎ በዞራት አምባ ላይ የተቀመጠች ስትሆን ነዋሪዎቿ 200 አይሞሉም። መግቢያዋ ጠባብ ስለ ሆነ የጥንት ሰዎች ምሽግ ቢሠሩባት አያስደንቅም። እኔና ባለቤቴ በ2018 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) በዚሁ ምሽግ ውስጥ አንድ ሌሊት አድረናል፤ ምሽጉ ዛሬ ሆቴል ነውና።

ግንቡን የጀመሩት በዚያ ዘመን እስፓንያን ይገዙ የነበሩት እስላሞች ናቸው። በ1184 የካስቲል ንጉሥ ስምንተኛው አልፎንሶ ያዘው፤ በ14ኛው መቶ ዓመትም «ኮንዴ ሉካኖር» የተባለውን የምክርና የምሳሌ መጽሐፍ የደረሰው መስፍን ዶን ሁዋን ማኑኤል ጌታው ነበረ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አንባቢ ራሱ ይገምተዋል፤ ጦርነቱ ሲያልፍ ምሽግ ምን ይሠራል?

የእስፓንያ መንግሥት ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ ፓራዶር ይባላል፤ ይኸውም የመንግሥት የእንግዳ ማረፊያ ማለት ነው። የመጀመሪያው በ1928 በግሬዶስ ተራራ ሲከፈት ሕንፃው አዲስ ነበር። በ1930 ግን በኦሮፔሳ አንድ የጥንት ቤተ መንግሥት ለእንግዳ ተሰናዳ፤ ከዚያ ወዲህ ገዳማትና ምሽጎች ተከተሉ። የአላርኮን ተራ በ1966 ደረሰ። ዛሬ ፓራዶሮቹ ከ90 በላይ ናቸው፤ ባለቤታቸውም አሁንም መንግሥት ነው።

ከክፍላችን እንደ ገባን ባለቤቴ መስኮቱን ፈለገች። ቀስተኛ ፍላጻውን ይወረውርበት የነበረ ስንጥቅ የመሰለ ቀዳዳ ነበር። «በገዛ ገንዘባችን ወኅኒ ገባን ማለት ነው?» አለችኝ። በእውነቱ መልስ አላገኘሁም። ሌሊቱን ግን የውጭው ብርድ አልደረሰብንም፤ በሕድሞ ቤት ያደገ ሰው የወፍራም ድንጋይ ግድግዳን ውለታ ያውቃል። ጸጥታውም እንደዚያው ነበር። በከተማ ትልልቅ ሆቴሎች የጎረቤትን ሳል ስንሰማ ለኖርን ሰዎች፥ የምቾት ትርጉም የሐር መጋረጃ ሳይሆን ይህ ይመስለኛል።

ራት ላይ ሞርቴሩዌሎ የተባለውን ያገሩን ምግብ አዘዝን፤ ጉበትና የጥንቸል ሥጋ ተወቅጦ ከዳቦ ፍርፋሪና ከቅመም ጋር እንደ ገንፎ የሚበስል ነው። የአሳማ ሥጋም እንዳለበት በተነገረን ጊዜ ባለቤቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች። አስተናጋጁም ቅር ሳይለው እንቍላል አመጣላት።

የምሽጉ መኝታ ክፍሎች 14 ብቻ ናቸው። ሒሳብ የሚወድ ሹም ቢሆን በአጠገቡ መቶ ክፍል ያለው አዲስ ሕንፃ አቁሞ ግንቡን ለጌጥ ይተወው ነበር፤ ገቢውም በዝቶ ይገኝ ይሆናል። ነገር ግን ጣራው የሚያፈስ፥ ምድጃው የማይነድ ቤት ቀስ በቀስ ወደ ድንጋይ ክምርነት ይመለሳል። ሰው ያደረበት ቤት ግን የሚንጠባጠበውን ውሃ በዚያው ሌሊት የሚያይለት አያጣም። ስለዚህ የክፍሎቹን ማነስ እንደ ኪሣራ ልቈጥረው አልቻልሁም፤ ግድግዳው የፈቀደው ይህን ያህል ነው።

በማግሥቱ ጧት የመጥምቁ ዮሐንስን አሮጌ ቤተ ክርስቲያን አየን። አገልግሎቱ ከቀረ በኋላ ኼሱስ ማቴኦ የተባለ ሠዓሊ ከ1994 ጀምሮ ግድግዳውን በሙሉ በሥዕል ሸፍኖታል። ባለቤቴ ወደደችው፤ እኔ ገና አልወሰንሁም።

ስንመለስ ከደጃፏ የተቀመጠች አንዲት አሮጊት ሰላምታ ሰጠችን፤ ሾፌራችንም አስተረጐመልን። ልጅዋ በሆቴሉ ወጥ ቤት ይሠራል፤ ሥራው ባይገኝ ኖሮ እንደ ወንድሞቹ ወደ ቫሌንሲያ በሄደ ነበር። እርስዋ በዚያች መንደር ተወልዳ አርጅታለች፤ በምሽጉ ውስጥ ግን አንድ ቀን እንኳ አላደረችም። የሌሊቱ ዋጋ ከእርስዋ አቅም በላይ መሆኑን ሳንጠይቃት ነገረችን። ከዚያም ወደ ባለቤቴ ጠጋ ብላ፥ «አልጋው ይመቻል?» ስትል ጠየቀቻት።