ሐረር የድሬዳዋ ግማሽ ቀን አይደለችም

ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ ለዕረፍት የሚወጣ ሰው ዕቅዱን ሲነድፍ አብዛኛውን ጊዜ ሐረርን በድሬዳዋ ሥር ያደርጋታል። ማደሪያው ድሬዳዋ ይሆንና ጠዋት ሐረር ወጣ ተብሎ የራምቦ ቤት ይታያል፣ ግንቡ ሥር ፎቶ ይነሣል፣ ከምሳ በኋላ መመለስ ነው። ይህን ዕቅድ ትክክል ያስመሰሉት ከአፍ ወደ አፍ የሚሄዱ ጥቂት እምነቶች ናቸው፤ ሐረር ቆላ ናት፣ ጠባብ ናት፣ ከጅብ ትርኢቱና ከራምቦ ቤት ሌላ የሚታይ የላትም፣ ሙስሊም ላልሆነ ሰው በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ፣ በጁገል፣ ውስጥ መዘዋወር አይመችም የሚሉ። አንዳቸውም ሲመረመሩ አይጸኑም። ሐረር ራሷን የምታሳየው ለሚያድርባት ሰው ነው፤ ሁለት ሌሊት ከሆነ ደግሞ በእጅጉ የተሻለ ነው።

የአየሩ ነገር በአጭሩ የሚያልቅ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ሐረር 1,885 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት። በመካከላቸው ያለው 50 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ የደንገጎን ዳገት የሚወጣ ነው። የድሬዳዋን ሙቀት አስቦ በስስ ልብስ ብቻ የሚመጣ እንግዳ ማታ ይበርደዋል። ድሬዳዋ ራሷ የተወለደችው በዚሁ ዳገት ምክንያት ነው፤ ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ተራራውን መውጣት ስለከበደው ሐረርን ትቶ በ1895 ዓ.ም ቆላው ላይ ደረሰ፣ ከተማዋም እዚያው ተቆረቆረች። ዛሬም አዲሱ ባቡርም ሆነ አውሮፕላኑ የሚያደርሰው ድሬዳዋ ድረስ ነው። ስለዚህ የመኪናው ጉዞ ከዕቅዱ ውስጥ መቆጠር አለበት።

«ጠባብ ናት» የሚለው ግን የእውነት ፍሬ አለውና ሊናቅ አይገባም። በግንቡ የታጠረው ጁገል ከ50 ሄክታር አይበልጥም፤ ፈጠን ብሎ የሚራመድ ሰው በአጭር ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ያቋርጠዋል። ስሕተቱ ስፋትን እንደ ጊዜ መለኪያ መውሰዱ ላይ ነው። ጁገል የራሱ የሰዓት ሥርዓት አለው። መካከሉ ላይ ያለው ገበያ፣ ጊደር መጋላ፣ በማለዳ ላየው ሰው ቅስት ያለው ሕንፃና ባዶ አደባባይ ነው፤ የሚሞቀው ከሰዓት በኋላ ነው። ያኔ ከገጠር የመጡ የኦሮሞ ሴቶች አትክልቱንና እንጨቱን ዘርግተው፣ ሥጋ ሻጩና ገዢው ሲከራከሩ፣ ጭልፊቶች ከላይ እያንዣበቡ የሥጋ ቁራጭ ሲመነትፉ ይታያል። ከፈረስ መጋላ አደባባይ ወደዚያ የሚያወርደው የልብስ ሰፊዎች ጎዳና፣ መኪና ግርግርም፣ ሙሉ ድምፁን የሚያገኘው ሥራው ሲደምቅ ነው። የሐረሪ ቤት ደግሞ ከመንገድ አይታይም። ከጠባቡ መተላለፊያ የሚታየው ግድግዳና የግቢ በር ብቻ ነው፤ ውበቱ ከግቢው ባሻገር፣ ከፍና ዝቅ ብለው በተሠሩት፣ ነደባ በሚባሉት አምስት መደብ መሰል መቀመጫዎች ላይ ነው። ማን የት እንደሚቀመጥ በዕድሜና በክብር የተወሰነ ነውና ነደባዎቹን ማየት የቤተሰቡን ሥርዓት ማየት ነው። ጁገል ውስጥ እንግዳ የሚያሳድሩ ባህላዊ ቤቶች አሉ። እዚያ ያደረ ሰው በጠዋት ቸኩሎ ያለፈው ሰው ያላየውን ከተማ ያያል።

ከሁሉ በላይ ሥር የሰደደው የራምቦ ቤት ታሪክ ነው። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ በ1873 ዓ.ም ለንግድ ሐረር ገባ፣ እየሄደ እየተመለሰ ለዓመታት ሠራ፣ ታምሞ ወደ አገሩ ሄደና በ1884 ዓ.ም ማርሴይ ውስጥ ሞተ። ዛሬ በስሙ የሚጠራው ባለ ፎቅ ቤት ግን እርሱ የኖረበት አይደለም፤ ከእርሱ ዘመን በኋላ አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ያሠራው ነው። «ታዲያ ምን ሊታይበት ይኬዳል?» የሚል ይኖራል። እኔ እንደማስበው እውነቱ ከተረቱ ይበልጣል። የተሳለው ጣሪያና ባለ ቀለም መስተዋቱ የሐረርን ንግድ ከሕንድ ውቅያኖስ ማዶ ጋር ያስተሳሰረውን ዘመን ይመሰክራሉ፤ ውስጡም የድሮዋን ሐረር የሚያሳዩ ፎቶግራፎች አሉ። ብዙም ሳይርቅ ያለው የራስ ተፈሪ ቤት ይህንኑ ያጠናክራል። እርሱም የሕንድ ነጋዴ ሥራ መሆኑ ይነገራል፤ ከበሩ በላይ ያለው የእንጨት ቅርጽ የሂንዱዎቹን አምላክ ጋኔሽን ያሳያል። አሁን አብዱላሂ ሸሪፍ የተባሉ ግለሰብ የሰበሰቧቸው ቅርሶች የሚገኙበት ሙዚየም ነው፤ የብራና ቁርአኖች፣ ሳንቲሞችና ጌጣጌጦች ይታዩበታል። በአንድ ፈረንሳዊ ስም ብቻ ተመርቶ የሚመጣ ሰው ሕንዶቹንም ሐረሪዎቹንም ሳያያቸው ይመለሳል።

የጅቡም ትርኢት እንዲሁ ሁለት ነገሮች የተቀላቀሉበት ነው። ከፈላና በርና ከሰንጋ በር ውጭ በየምሽቱ ለእንግዳ የሚደረገው ሥጋ ማጉረስ የጥንት ሥርዓት ተደርጎ ይነገራል፤ በዚህ መልኩ የተለመደው ግን በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ ነው። የቆየው ልማድ በአሹራ ዕለት ለጅቦች ቅቤ የገባበት ገንፎ አቅርቦ ከአበላላቸው የመጪውን ዓመት ዕጣ መገመቱ ነው። የሁለቱ ዕድሜ ቢለያይም ከተማዋ ከጅብ ጋር የገባችው ውል እውነተኛ ነው፤ ግንቡ ላይ ጅብ የሚገባበት ቀዳዳ ያለውም ለዚሁ ነው። ለዕቅዱ ዋናው ነጥብ ደግሞ ጅብ በቀን አለመምጣቱ ነው። ማጉረሱ የሚጀምረው ከጨለመ በኋላ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ግድም ነው። እርሱን አይቶ በዚያው ሌሊት ደንገጎን መውረድ ለማንም የሚመከር አይደለም።

ስለ ሃይማኖቱ የሚነገረው ፍርሃት የመጣው ከሩቅ ዘመን ነው። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም ሲገባ ከተማዋ ለክርስቲያን ዝግ ተብላ ትታወቅ ነበር። ዛሬ ግን ፈረስ መጋላ ላይ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ቆሟል፤ የጁገል መንገድም ለሁሉም ክፍት ነው። ሐረር በ1998 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው ከ82 መስጊዶቿና ከ102 የአውሊያ ሥፍራዎቿ ጋር ነው። «አራተኛዋ ቅድስት ከተማ» የሚለው ማዕረግ የሕዝብ አባባል እንጂ በሃይማኖት ሕግ የተደነገገ ደረጃ አይደለም፤ ክብሯ ግን ያለ ቁጥሩም የታወቀ ነው። እንግዳው ማድረግ ያለበት ጨዋ አለባበስ መልበስ፣ መስጊድ ከመግባቱ በፊት መጠየቅና ሰው ሳያስፈቅድ ፎቶ አለማንሣት ነው።

«ፈቃዴም ገንዘቤም አጭር ነው» የሚለው ተቃውሞ ከሁሉም የሚከብድ ነው። መልሱ ግን ቀን መጨመር ሳይሆን ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። ድሬዳዋ እንደወረዱ በቀጥታ ወደ ሐረር መውጣት፣ ከሰዓት በኋላውን ጊደር መጋላ፣ ምሽቱን ጅቦቹ ጋር ማሳለፍ፤ በማግስቱ ሙዚየሞቹንና የሐረሪ ቤቶችን ማየት፤ የድሬዳዋን የከፊራ ገበያ ደግሞ በመመለሻው ቀን ጠዋት፣ በሚደራበት ሰዓት መጎብኘት ይቻላል። የመንገዱን ሰላም ከመነሣት በፊት ከአካባቢው ሰው ማጣራት የግድ ነው። ቀኑን መምረጥ የሚችል ሰው ሹዋሊድን ያስብ። በ2016 ዓ.ም በዩኔስኮ የተመዘገበው ይህ በዓል ከረመዳን በኋላ ያለው የስድስት ቀን ጾም ሲፈታ የሚከበር ሲሆን ዝክሩና ዘፈኑ ለተከታታይ ሌሊቶች ይደምቃል። የሚቆጠረው በጨረቃ ስለሆነ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም ብሎ ይመጣል፤ ያለፈውን ዓመት ቀን ይዞ ትኬት የሚቆርጥ ሰው በዓሉ ካለቀ በኋላ ይደርሳል። ማደሪያውም በእነዚያ ቀናት ቶሎ ስለሚሞላ ክፍሉን ቀደም ብሎ መያዝ ይገባል።