ቡናን ለቅጠሉ ውበት በቤት ውስጥ ማሳደግ

ቡና ሲባል ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ፍሬውን ነው። ተክሉ ግን ዓመቱን ሙሉ የማይረግፍ፣ የሚያብረቀርቅ ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል ስላለው በአውሮፓና በአሜሪካ ቤቶች ለጌጥም ይተከላል። በአገራችንም ለሆቴልና ለቢሮ ችግኝ የሚያቀርቡ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሊሸጡት ይችላሉ። ይሁን እንጂ በገዢው ቤት በሁለት ወር ውስጥ የሚደርቅ ችግኝ ማኅበሩን ደንበኛ ያሳጣዋል። ስለሆነም የልማት ሠራተኛው ከችግኙ ጋር አያያዙንም እንዲያስተምር እናሳስባለን።

ቡናን በቤት ውስጥ መጠበቅ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1714 ከአምስተርዳም ለፈረንሳይ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ የተላከ አንድ የቡና ተክል በፓሪስ በመስታወት ቤት ከብርድ ተጠብቆ አድጓል። ከዚያው ዘር ወደ ማርቲኒክ ደሴት የተወሰደ ችግኝም በካሪቢያን አካባቢ ለቡና እርሻ መስፋፋት ምክንያት ሆኗል።

አረቢካ ቡና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ውስጥ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሚበቅል ነው። በዚያ ብርሃኑ በቅጠል ተጣርቶ ይደርሰዋል፤ አየሩ እርጥብ ነው፤ አፈሩም እርጥበት ይይዛል እንጂ ውኃ አይቋጥርም። የቤት ውስጥ አያያዝ ማለት ይህንኑ ሁኔታ በተቻለ መጠን ማስገኘት ነው።

ብርሃን፦ ተክሉ በመስኮት አጠገብ ይቀመጥ፤ የቀትር ፀሐይ ግን በቀጥታ አይምታው። ስስ መጋረጃ ይበቃል። ወደ አንድ ወገን እንዳያዘነብል በየሳምንቱ ጥቂት ይዙር።

ውኃ፦ አብዛኛው ችግኝ የሚጠፋው በጥም ሳይሆን በውኃ ብዛት ነው። እኛም በቢሯችን ያስቀመጥናቸው ሦስት ችግኞች ጠፍተውብናል። ወደ ክፍሉ የገባ ሁሉ በቅንነት ያጠጣቸው ነበር፤ የተቀመጡበት ዕቃም ቀዳዳ አልነበረውም። ቅጠላቸው ሲጠወልግ የተጠሙ መስሎን ውኃ ጨመርንላቸው። ስንነቅላቸው ሥራቸው በስብሶ አገኘነው። ሥሩ የበሰበሰ ተክል ውኃ መሳብ ስለማይችል እንደ ተጠማ ተክል ይጠወልጋል። ስለዚህ ቅጠሉን አይታችሁ አታጠጡ፤ በመጀመሪያ ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ አስገቡ። እርጥብ ከሆነ ተዉት፤ ከደረቀ ከታች እስኪወጣ አጠጡና በሳህኑ የተጠራቀመውን ድፉ። ኃላፊነቱም የአንድ ሰው ይሁን።

አፈርና መትከያ ዕቃ፦ ሁለት እጅ የደን አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስትና አንድ እጅ አሸዋ ይደባለቅ። ቡና ጥቂት ኮምጣጣነት ያለው አፈር ስለሚስማማው አመድ አይጨመርበት። የዕቃው ሥር ቀዳዳ ይኑረው። ሥሩ በቀዳዳው ብቅ ሲል 4 ወይም 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ወደሚሰፋ ዕቃ ይዛወር፤ በጣም ሰፊ በሆነ ዕቃ ውስጥ ያለ ትርፍ አፈር ቶሎ አይደርቅምና።

ቅዝቃዜና ደረቅ አየር፦ ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሙቀት ይስማማዋል፤ ከ10 ዲግሪ በታች ይጎዳዋል። በደጋ ከተሞች ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ማታ ማታ ከመስኮቱ መስታወት ራቅ ይበል። በበጋ የቅጠሉ ጫፍ ቡናማ ሆኖ ከደረቀ፣ ዕቃውን ጠጠርና ጥቂት ውኃ በያዘ ሳህን ላይ አስቀምጡ፤ የዕቃው ሥር ግን ውኃውን አይንካ።

ተባይ፦ ጥጥ የሚመስሉ ነጭ ነፍሳት ወይም ቅርፊት መሳይ ተባዮች በቅጠሉ ሥርና በቅርንጫፉ ላይ ሲታዩ፣ ለስላሳ ሳሙና በሟሟበት ውኃ በተነከረ ጨርቅ ይጠረጉ። የታመመው ተክል እስኪድን ከሌሎች ይለይ።

ተክሉ በቂ ብርሃን ካገኘ ከሦስት ወይም ከአራት ዓመት በኋላ ነጭ፣ መልካም ሽታ ያለው አበባ ሊያወጣ ይችላል። ሆኖም ማኅበሩ ለገዢ የፍሬ ተስፋ አይስጥ፤ የሚሸጠው ቅጠሉን ነው። ሻጩ ችግኙን ከማስረከቡ በፊት የገዢውን ጣት አፈሩ ውስጥ አስገብቶ የእርጥበቱን መጠን ያሳየው። ይህ ትምህርት አንድ ደቂቃ ይፈጃል፤ ችግኙን ግን ለዓመታት ያቆየዋል።