የሸክላዎቻችን ዳግም ኅትመት

በ1969 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ኪንግ ክሪምሰን የተባለው የእንግሊዝ ባንድ ሮክን ከጃዝና ከክላሲካል ጋር ያዋሃደ የመጀመሪያ አልበሙን አወጣ። ፕሮግሬሲቭ ሮክ ለሚባለው ስልት በር ከከፈቱት ሥራዎች አንዱ ነው። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት፣ ሸክላ የማሳተምን መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የሰጠውን ሕግ ተጋፍቶ አምሃ ሬከርድስን ጀመረ። ሁለቱ አይተዋወቁም፤ ዘመኑ ግን በየአገሩ ወጣቱን ለሙከራ አነሳስቶት ነበር።

ከእኛ ወገን ለዚያ መንፈስ በጣም የሚቀርበው የሙላቱ አስታጥቄ ሥራ ነው። ጅማ የተወለደው ሙላቱ በዌልስ፣ በለንደንና በቦስተኑ በርክሊ ተምሮ በ1960ዎቹ ኒው ዮርክ ገባ። በ1966 ሁለት የአፍሮ ላቲን አልበሞች አወጣ። እነዚህ ጥሩ ናቸው፤ ነገር ግን ገና ፍለጋ ላይ ያለ ሰው ሥራዎች ናቸው። የፈለገውን ያገኘው በ1972 «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» ላይ ይመስለኛል። አምስት ድምፅ ያላቸውን ቅኝቶቻችንን ጠባያቸውን ሳያጠፋ ከአሥራ ሁለቱ ድምፆች ስምምነት ጋር ማስማማት ቀላል አይደለም። ስምምነቱ ትንሽ ከበዛ ቅኝቱ ይሰወራል። ሙላቱ ግን ቫይብራፎኑንና ኪቦርዱን በላቲን ከበሮ ላይ አስቀምጦ፣ እንደ «ኩሉን ማን ኳለሽ» ያለውን የሠርግ ዜማ እንኳ ዜማነቱ ሳይጠፋ ወደማናውቀው ስፍራ ወሰደው።

አልበሙ ለረጅም ዓመታት የሸክላ ሰብሳቢዎች ብርቅ ሆኖ ቆየ። በ2017 ስትራት የተባለው የለንደን አሳታሚ አስፍቶ አወጣው፦ የስቴሪዮው ቅጂ፣ ከዚያ በፊት ያልወጣ የሞኖ ቅጂ፣ በስቱዲዮ ተቀርጸው የቀሩ ሙከራዎችም ተጨምረውበት። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጡት እነዚህ ሙከራዎች ናቸው። አንድ ዜማ ደጋግሞ ሲሞከር ስንሰማ፣ ኢትዮ ጃዝ የተባለው ይህ የሙላቱ ስልት በአንድ ቀን የወረደ ጸጋ ሳይሆን በሥራ የተገኘ መሆኑን እንረዳለን። የሙዚቃ ተማሪ ከዚህ የተሻለ መምህር አያገኝም።

ከዚህ ኅትመት በፊትም የድሮ ሥራዎቻችን ዳግም መሰማት ጀምረው ነበር። የፈረንሳዩ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 ጀምሮ ባዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ስብስብ የአምሃ ሬከርድስና ካይፋ የተባለው ሌላ አሳታሚ ሸክላዎች ዓለምን ዞሩ። የሙላቱ ሙዚቃ በ2005 በጂም ጃርሙሽ ፊልም ውስጥ ገብቶ አዲስ አድማጭ አፈራ። ኃይሉ መርጊያና ዋልያስ ባንድ በ1977 ያወጡት «ቼ በለው»ም በ2014 ዳግም ታትሟል።

ወደ አገራችን ምሥራቅ ስንመጣ ግን ሥራው ገና ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ድሬዳዋ ላይ የተመሠረተው የአፍረን ቀሎ ቡድን ኦሮምኛን በዘመናዊ መሣሪያ አስዘፈነ። ከዚያ የወጣው ዓሊ ቢራ በኦሮምኛ፣ በሐረሪ፣ በአማርኛ፣ በሶማሊኛና በዓረብኛ ዘፍኗል፤ «ኢትዮፒክስ»ም በ2013 ሃያ ስምንተኛውን ስብስብ ለእርሱ ሰጥቷል። አንድ ስብስብ ለዚህ ሁሉ ሀብት አይበቃም። ሐረር ላይ ደግሞ አብዱላሂ ሸሪፍ ባቋቋመውና በራስ ተፈሪ ቤት በሚገኘው ሙዚየም ከጥንታዊ መጻሕፍት ጎን የድሮ የሐረሪ ዘፈን ቅጂዎችን ሰብስቧል። ይህ ጥረት ከአንድ ሰው ትከሻ ወርዶ የተቋም ሥራ መሆን አለበት። አሳታሚ ሊመጣ የሚችለው ቅጂው ተጠብቆ ሲገኝ ብቻ ነው፤ የሙላቱም ቴፕ ተጥሎ ቢሆን ኖሮ የ2017ቱ ኅትመት አይኖርም ነበር።

በጀጎል፣ በድሬ ጠያራና በአካባቢው ያላችሁ አንባቢዎች፣ በቤታችሁ የቆየ ሸክላ ወይም ካሴት ካለ አትጣሉት። ማን እንደተጫወተበት የሚያስታውሱ አዛውንቶችን ጠይቃችሁ ጻፉ፤ ድምፁንም ሳይበላሽ አስገልብጡት።