ኢንዛይም ያለ ውሃ ይሠራል ወይ?

ሁላችንም እንደምናውቀው ኢንዛይሞች ሕይወት ባላቸው ነገሮች ውስጥ የሚካሄዱ ኬሚካላዊ ለውጦችን የሚያፋጥኑ ካታሊስቶች ናቸው። አብዛኞቹ ፕሮቲን ስለሆኑ፣ ኦርጋኒክ ሶልቨንት ከነካቸው ቅርጻቸው ተበላሽቶ ሥራ ያቆማሉ ብለን ተምረናል። እኔም ይህንኑ ፈተና ላይ ጽፌ ማርክ አግኝቼበታለሁ። ነገሩ ግማሽ እውነት ብቻ መሆኑ የገባኝ ግን የመመረቂያ ፕሮጀክቴን ስሠራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1984 ዛክስ እና ክሊባኖቭ የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ. ከአሳማ ቆሽት የተገኘ ሊፔዝ ውሃ በሌለበት ለማለት በሚቻል ድብልቅ ውስጥ እንደሚሠራ አሳዩ። የሚገርመው ደግሞ የደረቀው ኢንዛይም በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለብዙ ሰዓታት መቆየቱ ነው። ለምን ቢባል፣ ውሃ ለፕሮቲን እንደ ግራሶ ነው። እንዲንቀሳቀስ ያደርገዋል፤ ሲሞቅ ግን እንዲፈታም ያግዘዋል። ውሃው ሲያንስ ፕሮቲኑ ድርቅ ስለሚል ቅርጹ በቀላሉ አይበላሽም።

ጥቅሙስ? ሊፔዝ ውሃ ውስጥ ኤስተርን ይሰብራል። ውሃው ሲቀነስ ግን ሚዛኑ ወደ ሌላኛው ወገን ያጋድልና ያው ኢንዛይም አሲድና አልኮል አገናኝቶ ኤስተር ይሠራል።

እኔም ኦሌይክ አሲድና ቡታኖል ሄክሴን ውስጥ አድርጌ ሊፔዝ ጨመርኩ። የቀረውን አሲድ የምለካው በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ታይትሬት በማድረግ ነበር። «ውሃ ማነሱ ጥሩ ከሆነ ጭራሹን ባይኖር ይሻላል» ብዬ ሁሉንም አጥብቄ አደረቅኩ። ሦስት ቀን ሙሉ የቢዩሬቱ ንባብ ንቅንቅ አላለም። በቃ፣ ሄክሴኑ ኢንዛይሙን ገድሎታል ብዬ ሪፖርቴን መጻፍ ጀመርኩ።

አማካሪዬ ደብተሬን አገላብጠው አዩና «ለመሆኑ ለኢንዛይሙ ትንሽ ውሃ ትተህለታል?» አሉኝ። ዝም አልኩ። ከዚያ ጥቂት ማይክሮሊትር ውሃ ጨመርኩ። በማግስቱ አሲዱ ቀንሶ አገኘሁት፤ ኢንዛይም ያልገባበት ብልቃጥ ግን እንዳለ ነበር። ለካ ኢንዛይሙ ውሃ ጠምቶት እንጂ ሞቶ አልነበረም!

ኢንዛይሙ ለመሥራት በላዩ ላይ ስስ የውሃ ሽፋን ይፈልጋል። ስለዚህ ሶልቨንት ስንመርጥ ይህን ሽፋን የማይነጥቀውን ማየት አለብን። ሄክሴንና ቶሉይን ከውሃ ጋር ስለማይስማሙ ሽፋኑን ይተዉለታል፤ ሜታኖልን የመሳሰሉት ግን ይገፉታል። ውሃው ሲበዛም ዱቄቱ ይጓጉላል፣ ኤስተሩም ተመልሶ ይሰበራል። ዛሬ ከእነዚህ ሌላ አዮኒክ ሊኩዊድ፣ እንዲሁም ኮሊን ክሎራይድና ዩሪያ ተቀላቅለው የሚሰጡት ፈሳሽ ለዚሁ ሥራ ይሞከራሉ።

እርግጥ ነው፣ በኦርጋኒክ ሶልቨንት ውስጥ የኢንዛይም ፍጥነት አብዛኛውን ጊዜ ከውሃው በጣም ያንሳል። በሌላ በኩል ኢንዛይሙ ሄክሴን ውስጥ ስለማይሟሟ አጥልሎ ደግሞ መጠቀም ይቻላል። እንደኛ ኢንዛይሙ በግራም ተቆጥሮ ለሚሰጠው ተማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እኔ ያንኑ ዱቄት ሦስት ጊዜ ተጠቅሜበታለሁ።

ያ ጥያቄ ባይነሳ ኖሮ ደህናውን ኢንዛይም ደፍቼ፣ ስህተቱን በሪፖርት አስሬ እመረቅ ነበር። ከሁሉ የሚያሳስበኝ፣ ውጤቱ ፈተና ላይ ከጻፍኩት መልስ ጋር ስለገጠመልኝ አለመጠራጠሬ ነው። ስለዚህ ጓደኞቼ፣ ሙከራችሁ የምታውቁትን ሲያረጋግጥላችሁም ቢሆን አንድ ጊዜ ጠይቁት።