በሥዕል ፕሮግራም የሚሠሩ ባለሙያዎች የብቃት ምስክር ወረቀትና የምክር ልውውጥ በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ከተሞች

መግቢያ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሆለታን፣ አዲስ ዓለምንና ጊንጪን አልፎ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው 115 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ አምቦ ይደርሳል። ከተማይቱ በፍል ውኃዋና እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ በጠርሙስ እየታሸገ በሚሸጠው የማዕድን ውኃ በአገሩ ሁሉ የታወቀች ናት። ከዚያ ጥቂት ኪሎ ሜትር አልፎ ጉደር ይገኛል። በዚሁ በምዕራብ ሸዋ፣ በአዳበርጋ ወረዳ፣ በሙገር አጠገብ ደግሞ የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ቆመዋል፤ አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1984፣ ሌላው በ2015 ሥራ የጀመሩ ናቸው።

ጠርሙስ ሲሞላ ወይም ሲሚንቶ ሲፈጭ የሚያይ ጎብኚ ዐይኑ የሚያርፈው በሚሽከረከረው ብረት ላይ ነው። በዘመናዊ ፋብሪካ ግን ብረቱን «አሁን ተነሥ፣ አሁን ቁም» የሚለው በሣጥን ውስጥ የተቀመጠ አነስተኛ ኮምፒዩተር ነው። ባለሙያዎቹ ፒ.ኤል.ሲ. ይሉታል። ትእዛዙም ብዙውን ጊዜ የሚዘጋጅለት በፊደል ሳይሆን በሥዕል ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሦስት ነገሮችን መግለጽ ነው፤ ይኸውም በሥዕል ፕሮግራም መሥራት ምን እንደ ሆነ፣ ሙያውን የሚመሰክሩት ወረቀቶች ምን እንደሚመሰክሩና ምን እንደማይመሰክሩ፣ በመጨረሻም በተማሪዎችና በባለሙያዎች መካከል የሚደረገው የምክር ልውውጥ ለወረቀቱም ለሥራውም ምን እንደሚጠቅም ነው። የደረስንበትን ሐሳብ ከወዲሁ ለመናገር ያህል፣ ጥሩ ሥዕል ማለት ሌላ ሰው ሊያነበው የሚችለው ሥዕል ነው፤ ለሌላ ሰው የሚነበብ ሥዕል መሥራትን ደግሞ ማንም ብቻውን ሆኖ አይማረውም።

ሀ. የሥዕል ፕሮግራም ምንድን ነው?

ፒ.ኤል.ሲ. ከመፈጠሩ በፊት የፋብሪካ ማሽኖች የሚታዘዙት ሪሌይ በሚባሉ የኤሌክትሪክ ማብሪያና ማጥፊያዎች ነበር። አሠራሩን ለመለወጥ ሽቦውን ሁሉ ነቅሎ እንደገና መቀጠል ያስፈልግ ነበር። ዲክ ሞርሊ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስና ጓደኞቹ ይህን ድካም የሚያስቀር መሣሪያ በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ሠሩ። የኤሌክትሪክ ሠራተኞች አዲስ ቋንቋ እንዲማሩ ከማስገደድ ይልቅ የለመዱት የሪሌይ ሥዕል ራሱ ፕሮግራም እንዲሆን ተደረገ። ሥዕሉ ግራና ቀኝ ሁለት ቋሚ መስመር፣ በመካከላቸውም አግድም እርከኖች ስላሉት መሰላል ይመስላል፤ ስሙም ከዚሁ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው አይ.ኢ.ሲ. 61131-3 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ የመሰላሉን ሥዕል ከሌሎች የሥዕልና የጽሑፍ አጻጻፎች ጋር አንድ ላይ ደነገገ።

ሁለተኛው ዓይነት የሥዕል ፕሮግራም ለመለኪያና ለሙከራ ሥራ የሚያገለግለው ላብቪው ነው። ናሽናል ኢንስትሩመንትስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1986 አወጣው። በዚህኛው ሠሪው ትናንሽ ሣጥኖችን እየደረደረ በሽቦ ያያይዛቸዋል። አንድ ሣጥን ሥራውን የሚጀምረው የሚያስፈልገው መረጃ ሁሉ በሽቦዎቹ በኩል ሲደርሰው ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን የሚወስነው የመስመሩ ከላይ ወደ ታች መጻፍ ሳይሆን የመረጃው ፍሰት ነው። ሽቦው በሥርዓት ከግራ ወደ ቀኝ ከተዘረጋ ማንም ይከታተለዋል፤ ካልሆነ ግን እንደ ተወሳሰበ ፈትል ጫፉ የማይገኝ ይሆናል።

ለ. አንድ ምሳሌ

ነገሩን ለማስረዳት አንድ የጠርሙስ ማጓጓዣ ቀበቶ እናስብ። የማስነሻ ቁልፍ ሲጫኑት ሞተሩ ይነሣል፤ ጣት ከቁልፉ ላይ ሲነሣም መዞሩን ይቀጥላል፤ የማቆሚያ ቁልፍ ሲጫኑት ይቆማል። ይህ ለጀማሪ ሁሉ የሚሰጥ የመጀመሪያ ልምምድ ነው።

ሞተሩ ጣት ከተነሣ በኋላ እንዲቀጥል፣ የሞተሩ የራሱ ኮንታክት ከማስነሻው ቁልፍ ጎን ለጎን ይገባል። ማቆሚያው ግን ከሁለቱም በፊት ወይም በኋላ፣ በዚያው በዋናው መንገድ ላይ መሆን አለበት። አንድ ጀማሪ ይህን ሳያስተውል የሞተሩን ኮንታክት ማስነሻውንም ማቆሚያውንም አልፎ እንዲሄድ አድርጎ ቢሥለው ምን ይሆናል? ማስነሻው ሲጫኑት ሞተሩ ይነሣል፤ ጣት ሲነሣም ይቀጥላል። ጀማሪውም ሥራው የተሳካ መስሎት ይደሰታል። ማቆሚያው ሲጫኑት ግን ሞተሩ አይቆምም፤ ኤሌክትሪኩ በሌላ መንገድ አልፏልና። ይህ ስሕተት በኮምፒዩተር ገጽ ላይ ሲሆን ተራ ስሕተት ነው። በፋብሪካ ውስጥ ሲሆን ግን እጁ በቀበቶው የተያዘ ሠራተኛ አለ።

ከዚህም ሌላ የማቆሚያ ቁልፍ ሽቦ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ እንዲያልፍበት ሆኖ መያያዝ አለበት። እንዲህ ከሆነ ሽቦው ቢበጠስ ማሽኑ ወዲያው ይቆማል፤ በተቃራኒው ከተያያዘ ግን ሽቦው መበጠሱ የሚታወቀው ማቆም በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው። ለአደጋ ጊዜ የሚጫኑት ቀይ ቁልፍም በፕሮግራሙ ብቻ ሳይታመን ኃይሉን በቀጥታ እንዲያቋርጥ መደረግ ይገባዋል።

ይህን ሁሉ መጽሐፍ ይናገረዋል። ነገር ግን ሠሪው የሠራውን ሥዕል ሲያይ የሚያየው ያሰበውን እንጂ የሣለውን አይደለም። ስሕተቱን የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ዐይን ነው።

ሐ. ወረቀቶቹ

በአምቦና በአካባቢው ከተሞች ለሚማር ወጣት ሦስት ዓይነት ወረቀት በፊቱ አለ።

የመጀመሪያው የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ነው። በ1939 ዓ.ም. በእርሻ ትምህርት ቤትነት የተጀመረው የአምቦ ትምህርት ቤት ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ የምሕንድስና ትምህርት በሐጫሉ ሁንዴሳ ግቢው ይሰጣል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአገሩ ያለ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ወስዶ ቢያንስ 50 ከመቶ ማግኘት አለበት። ፈተናው ምርጫ ያለው ስለሆነ ዕውቀትን ይለካል፤ ተፈታኙ ራሱ ምን ዓይነት ሥዕል እንደሚሠራ ግን አያሳይም።

ሁለተኛው ሕዝቡ ሲ.ኦ.ሲ. የሚለው የሙያ ብቃት ምዘና ነው። ይህ እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ስትራቴጂ ላይ የተመሠረተ ሲሆን በደረጃዎች የተከፈለ ነው። ተመዛኙ ሁለት ነገር ይጠየቃል፤ አንዱ የጽሑፍ ፈተና ነው፤ ሌላው በመዛኞች ፊት በእጁ ሠርቶ ማሳየት ነው። ውጤቱም በቁጥር ደረጃ ሳይሆን «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ተብሎ ይነገራል። «ገና» የምትለዋን ቃል አንባቢው እንዲያስተውላት እንወዳለን፤ በሩ አልተዘጋም ማለት ነውና። ሙያውን የትም ቢማረው፣ በትምህርት ቤትም በሥራ ላይም ቢሆን፣ ሰው ለምዘና መቅረብ መቻሉ የዚህ ሥርዓት መልካም ጎን ነው።

ሦስተኛው የኩባንያዎች ወረቀት ነው። ላብቪው ሦስት ደረጃ አለው፤ የመጀመሪያው የጀማሪ፣ ሁለተኛው የሠሪ፣ ሦስተኛው ትልልቅ ሥራዎችን የሚያቅድ ባለሙያ ነው። የመጀመሪያው ደረጃ ፈተና ምርጫ ብቻ ነው። በሁለተኛው ግን ተፈታኙ በአራት ሰዓት ውስጥ የሚሠራ ፕሮግራም ያቀርባል። እዚህ ላይ ከሁሉ ይልቅ ልብ ያልነው የአራሚዎቹን ሚዛን ነው። ፕሮግራሙ መሥራቱ ብቻ አይበቃም፤ የአሣሣሉ ሥርዓትና በውስጡ የተጻፈው ማብራሪያም ነጥብ ይሰጥባቸዋል። ሥራው የተሳካ ሆኖ የማይነበብ ሥዕል ያቀረበ ሰው ሊወድቅ ይችላል። ወረቀቱም ለዘለዓለም አይደለም፤ በየጥቂት ዓመቱ መታደስ አለበት።

የሦስተኛው ወረቀት ችግር ዋጋው በዶላር መሆኑ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በብር የሚከፈለው ገንዘብ እጅግ ከብዷል። አንድ ጊዜ መውደቅ ለተማሪ ቀላል ኪሳራ አይደለም። ስለዚህ ከፈተናው በፊት የሚደረገው ዝግጅት ትልቅ ጉዳይ ነው።

መ. የምክር ልውውጥ

በምዕራብ ሸዋ ገበሬ ዘንድ ደቦ የታወቀ ነው። ዛሬ የአንዱ ማሳ ይታረሳል፣ ነገ የሌላው፤ በሰው ማሳ ላይ የደከመ በተራው ጎረቤቶቹን ይጠራል። የፕሮግራም ሠራተኞች ምክርም በዚሁ ሕግ የሚኖር ይመስለናል። ጠይቆ የተረዳ ሰው ነገ ለሚጠይቀው ካልመለሰ ልውውጡ ይደርቃል።

ለምክር የሚቀርብ ጥያቄ ግን ሥርዓት አለው። «ፕሮግራሜ እንቢ አለኝ» የሚል ጥያቄ መልስ የለውም። ጠያቂው ማሽኑ ምን እንዲሠራ እንደ ፈለገ፣ በእውነት ምን እንደ ሠራ፣ እስካሁንም ምን ምን እንደ ሞከረ መናገር አለበት፤ ሥዕሉንም ሙሉውን ማሳየት ይገባዋል። ብዙ ጊዜ እነዚህን ሦስት ነገሮች በሥርዓት ሲጽፍ መልሱን ራሱ ያገኘዋል።

መካሪውም የራሱ ግዴታ አለበት። የተስተካከለውን ሥዕል አውጥቶ መስጠት ለጠያቂው ውለታ ይመስላል፤ ነገር ግን ጠያቂውን በነበረበት ይተወዋል። የሚሻለው መልሶ መጠየቅ ነው። «ይህ ሽቦ ቢበጠስ ምን ይሆናል? ሁለቱ ቁልፎች በአንድ ጊዜ ቢጫኑስ? መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሞተሩ በራሱ ይነሣልን?» ከላይ በምሳሌው ያየነው ጀማሪ ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱን ቢጠየቅ ስሕተቱን በራሱ ጣት ያመለክት ነበር።

የቋንቋም ነገር አለ። የኮምፒዩተሩ ገጽ በእንግሊዝኛ ነው፤ በአምቦ ጓደኛሞች የሚነጋገሩት ብዙውን ጊዜ በኦሮምኛ ነው፤ ከሌላ አገር የመጣ ባልደረባ ሲኖር ደግሞ በአማርኛ ይሆናል። ነገሩን በአፍ መፍቻ ቋንቋ መረዳት መልካም ነው፤ ጥልቅ መረዳት የሚገኘው ከዚያ ነውና። በሥዕሉ ላይ የሚጻፈው ማብራሪያ ግን ከእኛ በኋላ ማሽኑን የሚረከበው ሰው በሚያነበው ቋንቋ መሆን አለበት። ሌሊት ማሽን የቆመበት ሠራተኛ የሣዩን ሐሳብ ሊገምት አይገባውም።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነጥብ እንመጣለን። ምክር የት ቆሞ ማታለል የት ይጀምራል? በእኛ አስተያየት ወሰኑ ግልጽ ነው። አሠራርን ማስረዳት፣ ያለፈ ልምድን መናገር፣ ለልምምድ የወጡ ጥያቄዎችን አብሮ መሥራት ምክር ነው። የእውነተኛውን ፈተና ጥያቄ ሸምድዶ ወጥቶ ለሌላው ማስተላለፍ ግን ምክር አይደለም። የኩባንያዎቹ ተፈታኞች ይህን ላለማድረግ አስቀድመው ቃል ይገባሉ። ጥያቄ የሚያቀብለው ሰው ጓደኛውን የረዳ ይመስለዋል፤ የሚጎዳው ግን በሐቅ አጥንቶ ያለፈውን ነው። ቀጣሪው አንድ ጊዜ ወረቀት ይዞ ሥራ የማያውቅ ሰው ከገጠመው ቀጥሎ የሚመጣውን የእውነተኛውን ሰው ወረቀትም አያምንም። በአምቦ ወይም በጊንጪ ተምሮ በዋና ከተማ ዘመድ ለሌለው ወጣት ደግሞ ስለ እርሱ የሚናገርለት ያ ወረቀት ብቻ ሊሆን ይችላል።

ሠ. ምን ይደረግ?

ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ ሦስት ነገሮችን እናቀርባለን።

አንደኛ፣ የመለማመጃ መሣሪያ ውድ ነው ተብሎ መቀመጥ አይገባም። ኮድሲስ የተባለው ፕሮግራም ያለ ዋጋ ይገኛል፤ ፒ.ኤል.ሲ. ሳይገዙ በኮምፒዩተር ላይ የመሰላሉን ሥዕል ለመሞከር ያስችላል። ላብቪውም እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ለንግድ ላልሆነ የግል ልምምድ ነፃ እትም አለው።

ሁለተኛ፣ ተማሪዎች በሳምንት አንድ ጊዜ ተሰብስበው አንዱ የሌላውን ሥዕል ያንብብ። ደንቡ አንድ ብቻ ይሁን፤ ሣዩ ዝም ይላል፤ አንባቢው ሥዕሉ ምን እንደሚሠራ ይናገራል። አንባቢው ከተሰናከለ ጥፋቱ የሥዕሉ ነው እንጂ የአንባቢው አይደለም።

ሦስተኛ፣ መምህሮቻችን የላቦራቶሪ ሥራ ሲያርሙ ለአሣሣል ሥርዓትና ለማብራሪያ ነጥብ ቢሰጡ፣ ተማሪው ከመመረቁ በፊት የሚነበብ ሥዕል መሥራትን ይለምዳል።

የምስክር ወረቀት መያዝ መልካም ነው፤ እኛም ጓደኞቻችን ሁሉ እንዲይዙት እንመኛለን። ነገር ግን ወረቀቱ የሚታየው በቅጥር ቀን ነው፤ ሥዕሉ ግን ማሽኑ በሚሠራበት ቀን ሁሉ ይታያል። ከማሽኑ አጠገብ የቆመው ሠራተኛ የሣዩን ወረቀት አያውቅም። የሚያውቀው ማቆሚያውን ሲጫን ማሽኑ መቆሙን ብቻ ነው። በዚህ ነጥብ ላይ የመምህሮቻችንንና የባልንጀሮቻችንን አስተያየት በደስታ እንቀበላለን።