ጳጉሜን 5 እና የመቅደላ ትረካ

ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በያመቱ ጳጉሜን 5 ቀን፣ የደቡብ ወሎው የወግዲ ሰው ለእንቍጣጣሽ ቤቱን ሲለቀልቅና ድግሱን ሲያሰናዳ፣ ታስቦ የሚውለው ዓለም አቀፍ ራስን የማጥፋት መከላከያ ቀን ከ2016 እስከ 2018 ዓ.ም. የያዘው መሪ ቃል «ትረካውን መለወጥ» የሚል በመሆኑ፣ ነገሩ ከሐኪሙ ደጅ ወጥቶ ወደ ጸሓፊውና ወደ ዜና አንባቢው ጠረጴዛ ደርሷል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 አውጥቶ በ2023 ያደሰው የጋዜጠኞች መመሪያ የሚያዘው ጥቂት ነው፤ የአሟሟቱ ስልት አይዘርዘር፣ ስፍራው አይጠራ፣ ብዙ መንሥኤ ያለው ሞት በአንድ ምክንያት አይፈታ፣ እርዳታ የሚገኝበትም ይነገር። የቪየና ጋዜጦች እ.ኤ.አ. በ1987 በከተማቸው የምድር ውስጥ ባቡር ስለሚደርሰው ሞት ጩኸታቸውን ዝቅ ባደረጉ ጊዜ፣ በዚያው ዓመት ሁለተኛ መንፈቅ ሞቱና ሙከራው ከ80 ከመቶ በላይ መቀነሱ የዚህ ትምህርት ታላቅ ምስክር ሆኖ ይጠቀሳል። የእኛው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 542 ሌላው ራሱን እንዲያጠፋ የሚገፋፋውንና የሚረዳውን ይቀጣል።

ከዜናው ውጭም የአእምሮ ሕመም በቀልዳችንና በድራማችን ያለው ቦታ ያማረ አይደለም፤ ትርጓሜው «እግዚአብሔር ምስሌነ» የሆነው አማኑኤል የሚለው ስም፣ በአዲስ አበባው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ምክንያት፣ በከተማ ልጅ አፍ ስድብ ሆኖ መቅረቱ ይበቃል።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ከዚሁ ከደቡብ ወሎ ምድር፣ ከመቅደላ አምባ የተነሣው ትረካ ነው። ዳግማዊ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ጦር እጃቸውን ከመስጠት ሞትን መምረጣቸውን ከግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ድራማ እስከ ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ»ና እስከ አቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ» ድረስ ደራስያን ተቀባብለውታል፤ የተማሪ ቤት ሕፃን እንኳ ንጉሡ ምን እንደ ሠሩ ሳያውቅ መሣሪያው ከማን እንደ ተላከ ያውቃል፤ መመሪያው ዝም በሉ የሚለውን እኛ አስቀድመን እናስተምራለን ማለት ነው። ታሪኩ ይሸሸግ አልልም፤ ይልቁንም ይሙላ እላለሁ፤ በ1850 ዓ.ም. የንጉሡ ባለቤት እቴጌ ተዋበች ካረፉ፣ የንጉሡ እንግሊዛውያን ወዳጆች ፕላውደንና ቤልም ተከታትለው ከሞቱ ወዲህ የጠባያቸው መለወጥ፣ ኀዘኑና ቍጣው ተጽፎ ሳለ፣ የአደባባዩ ተራኪ ይህን ሁሉ ዘልሎ ወደ መጨረሻዋ ቅጽበት ይሮጣልና። ከዚህም የተነሣ ለአንድ ዐይነት ሞት ሁለት ቋንቋ አለን፤ ንጉሡ «ራሳቸውን ሠዉ» ሲባሉ ጎረቤታችን «ሰይጣን አሳተው» ይባላል፤ ለአንዱ ሐውልት ይቆማል፣ ሌላው ፍትሐት ይከለከላል፤ ደዌ የሚባለው ነገር ግን በሁለቱ መካከል ስም አጥቶ ይቀራል።

ይህን ስም የሰጡ ግን አሉ፤ በአንድ የወግዲ ለቅሶ ቤት፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከዳሱ ጥግ የተቀመጡትን አንዲት ባልቴት፣ ከሩቅ የመጣ ለቀስተኛ ጎንበስ ብሎ «እንዴት አድርጎ ነው የሞተው?» ቢላቸው፣ «ታሞ ነበር ልጄ፤ እኛ አላየንለትም» አሉት። ሰውየው ሌላ ሊጠይቅ ከጀመረ በኋላ የሟቹ እናት ተደግፈው ሲገቡ አየና ጋቢውን ሰብስቦ ተቀመጠ።