የአጫሽ ሳል ለምን ጠዋት ጠዋት ይብሳል?

ለዓመታት ሲያጨስ የኖረ ሰው ቤት ያደረ እንግዳ የጠዋቱን ሳል ሳይሰማ አይቀርም። ሰውየው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ዓይኑ እንባ እስኪያቅር ያስላል። ወፍራም አክታ ይወጣል። ከዚያ እጁ ወደ ፓኮው ይሄዳል። የመጀመሪያዋን ሲጋራ ለኩሶ ሁለት ሦስቴ ማግ ሲያደርግ ሳሉ ጋብ ይላል። «እሷ ናት የምታበርድልኝ» ይላል። እውነቱን ነው፤ ሳሉ በእርግጥ በርዷል። ያበረደው ነገር ግን እሱ የሚያስበው አይደለም።

የምንስበው አየር ከጉሮሮ ወርዶ በዋናው የአየር ቧንቧ ያልፍና ወደ ቀኝና ወደ ግራ ሳንባ ይከፈላል። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ለሁለት፣ ያም እንደገና ለሁለት እየተከፈለ፣ ከ20 ጊዜ በላይ ከተከፋፈለ በኋላ አየሩ ጥቃቅን ከረጢቶች ዘንድ ይደርሳል። አቧራው፣ ጥላሸቱና ተህዋሲያኑም አብረው ይገባሉ። ለዚህ ነው ቧንቧዎቹ በውስጥ በኩል ስስ የአክታ ሽፋን ያላቸው፤ ቆሻሻው እዚያ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ከአክታው ሥር ደግሞ ሲሊያ የሚባሉ፣ በዓይን የማይታዩ ፀጉር መሰል ነገሮች ተደርድረዋል። በሴኮንድ 10 ጊዜና ከዚያም በላይ እየተወዛወዙ አክታውን ቀስ በቀስ ወደ ጉሮሮ ይገፉታል፤ እኛም ሳይታወቀን እንውጠዋለን። ጤነኛ ሳንባ ሌት ተቀን የሚጸዳው እንዲህ ነው፤ ባለቤቱ አንዴም ሳያስለው።

የትምባሆ ጭስ ቀድሞ የሚመታው እነዚህን ሲሊያዎች ነው። በጭሱ ውስጥ ያሉ እንደ አክሮሊንና ሃይድሮጅን ሲያናይድ ያሉ መርዞች መጀመሪያ ያደነዝዟቸዋል፣ ውሎ አድሮ ያሳጥሯቸዋል፣ ከነሥራቸውም ያጠፏቸዋል። በዚያ ላይ ጭሱ የቆጠቆጠው ቧንቧ ራሱን ለማዳን አክታ ያበዛል። አክታው በዝቶ የሚገፋው ሲያንስ ያለው መውጫ ሳል ብቻ ነው። ሌሊት ግን ሰውየው ተኝቶ ሰባትና ስምንት ሰዓት ያህል ጭስ አይገባም። የተረፉት ሲሊያዎች ከድንዛዜያቸው ይነቁና የተጠራቀመውን መግፋት ይጀምራሉ። ጠዋት የሚወጣው አክታ ይሄ ነው። የጠዋቷ ሲጋራ ሳሉን የምታበርደው ሲሊያዎቹን መልሳ ስለምታደነዝዝ ነው፤ ቆሻሻው የትም አልሄደም።

ምን ያህል ቆሻሻ እንደሆነ አጫሽ የሆነ ሰው በገዛ ቤቱ ሊያየው ይችላል። ጭሱን ወደ ውስጥ ሳይስብ አፉ ውስጥ ብቻ ይዞ ነጭ ሶፍት ላይ እፍ ቢለው ቡናማ ክብ ይታተማል። ቀጥሎ ሌላ ሶፍት ይያዝና እስከ ሳንባው ስቦ ያስወጣውን ጭስ እፍ ይበልበት። ሁለተኛው ክብ ከመጀመሪያው በጣም የደበዘዘ ነው። ልዩነቱ ደረቱ ውስጥ ቀርቷል። ያ ቡናማ ነገር ታር ይባላል። ሲጋራ ሲማግ ጫፉ ላይ ያለው ፍም 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይደርሳል፤ ቅጠሉ በዚያ ሙቀት ሲነድ ከ7,000 በላይ ኬሚካሎች ይወጣሉ፤ ቢያንስ 69ኙ ካንሰር እንደሚያመጡ ይታወቃል።

ከቧንቧዎቹ አልፎ ከረጢቶቹ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ደግሞ ድምፅ የለውም፤ እኔን ከሳሉ ይልቅ የሚያሳስበኝም እሱ ነው። ከረጢቶቹ በመቶ ሚሊዮኖች ይቆጠራሉ፤ ተዘርግተው ቢለኩ 70 ካሬ ሜትር ገደማ ይሸፍናሉ። በደንብ የቦካ እንጀራ ላይ ያሉትን ዓይኖች ልብ ብለው ይመልከቱ፤ ጥቅጥቅ ብለው፣ በስስ ግድግዳ ብቻ ተለያይተው ይታያሉ። ከረጢቶቹም እንዲሁ ናቸው። በአጫሽ ሳንባ ውስጥ ግን ግድግዳው እየፈረሰ ሁለቱ ዓይን አንድ፣ አራቱም አንድ እየሆነ ይሄዳል። ቀዳዳው መስፋቱ ለአየር የሚበጅ ይመስላል፤ አይበጅም። ኦክስጅን ወደ ደም የሚሻገረው በግድግዳው በኩል ስለሆነ ግድግዳው ሲጠፋ መሻገሪያው አብሮ ይጠፋል።

ግድግዳውን የሚያፈርሰው በአብዛኛው የሰውነቱ የራሱ መከላከያ ነው። ጭሱን ባዕድ ነገር አድርገው የሚያዩት ነጭ የደም ሴሎች ወደ ሳንባው ይጎርፉና ኤላስቴዝ የተባለ ኢንዛይም ይለቃሉ። ኢንዛይሙ ሳንባውን ተለጣጭ የሚያደርገውን ክር ይበላል። በጤናው ጊዜ አልፋ 1 አንቲትሪፕሲን የሚባል ፕሮቲን አደብ ያስገዛዋል፤ ጭሱ ግን ይህንንም ፕሮቲን ያዳክመዋል። ሕመሙ ኤምፊዚማ ይባላል። የፈረሰው ግድግዳ መልሶ አይሠራም፤ ይህን የሚመልስ መድኃኒትም እስካሁን የለም። ሳንባ ብዙ ትርፍ አቅም ስላለውና ሥጋው ራሱ ሕመም ስለማያሰማ ሰውየው ለዓመታት ምንም አይታወቀውም። የሚታወቀው ዳገት መሀል ቆሞ ትንፋሹን ሲሰበስብ ነው። ያኔም «እርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል።

ለደጋ ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ። ከጭሱ ጋር የሚገባው ካርቦን ሞኖክሳይድ ኦክስጅን ተሸካሚ የሆነውን ሂሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በጠነከረ ኃይል ይይዘዋል። ቦታው ተያዘ ማለት ኦክስጅኑ መሳፈሪያ አጣ ማለት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ አየሩ ድሮውንም ስስ ነው። የእንጦጦን ዳገት የሚወጣ አጫሽ ከስሱ አየር ላይ የራሱን ድርሻ አስቀንሶ ነው የሚወጣው።

«እኔ እኮ ፓኮ አልገዛም፤ በፍሬ ነው፤ በቀን አንድ» የሚል ሰው ብዙ አለ። ለሳንባ ካንሰር መጠኑ መቀነሱ በእርግጥ ለውጥ ያመጣል። ለልብ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. በብሪታኒያ የሕክምና መጽሔት የታተመ የብዙ ጥናቶች ድምር ትንታኔ እንዳሳየው፣ በቀን አንድ ሲጋራ ብቻ የሚያጨስ ሰው 20 የሚያጨሰው ከሚሸከመው ተጨማሪ የልብ ሕመም አደጋ ግማሽ ያህሉን ይሸከማል። ደም በጥቂቱም ጭስ ቢሆን ለመርጋት ይቸኩላል፤ የደም ሥሮችም በቀላሉ ይቆጣሉ። በፍሬ መግዛት ሌላም ጉዳት አለው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 በሥዕል የተደገፈ ማስጠንቀቂያ የፓኮውን 70 በመቶ እንዲሸፍን አዟል፤ አንድ ፍሬ ከሱቅ ወይም ከአዟሪ ተቀብሎ የሚሄደው ወጣት ግን ፓኮውን አያየውም።

ስለ ካንሰሩ ዛሬ ማንም የሚያውቀው ነገር አንድ ጊዜ ለባለሙያዎቹም እንግዳ ነበር። በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ማብቂያ እንግሊዝ ውስጥ የሳንባ ካንሰር ያለ ልክ ሲበዛ ሐኪሙ ሪቻርድ ዶል የጠረጠረው የመንገዱን አስፋልትና የመኪናውን ጭስ ነበር። ከሥራ ባልደረባው ከኦስቲን ብራድፎርድ ሂል ጋር የሆስፒታል ሕሙማንን ሲጠይቁ የተገኘው ግን ሲጋራ ሆነ። አጫሽ የነበረው ዶል ውጤቱን ሲያይ ራሱ ማጨሱን ተወ። ጥናቱ በ1950 እ.ኤ.አ. ታተመ። በዓመቱ ሁለቱ ሰዎች ለአገሪቱ ሐኪሞች የማጨስ ልማዳቸውን የሚጠይቅ ደብዳቤ ላኩ፤ የመለሱትንም ለ50 ዓመት ተከታተሏቸው። ሲጋራ እስከ መጨረሻው ያልተዉት ካላጨሱት በአማካይ 10 ዓመት ቀድመው ሞተዋል።

በእኛ አገር ከካንሰሩ እኩል ሊነሣ የሚገባው ቲቢ ነው። በሳንባ ከረጢቶች ውስጥ እየዞሩ የቲቢን ባክቴሪያ የሚውጡት ሴሎች በጭሱ ስለሚዳከሙ፣ ማጨስ በቲቢ የመያዝን አደጋ እስከ ሁለት እጥፍ ተኩል ያደርሰዋል። አጫሽ ከሁለት ሳምንት በላይ ሲያስል «የሲጋራ ነው» ብሎ ስለሚተወው ምርመራውም ይዘገያል። ለራሱም ለቤተሰቡም ሲል አክታውን ይመርመር።

ሺሻው ውኃ ውስጥ ስለሚያልፍ ይጣራል የሚለው እምነት መሠረት የለውም። ውኃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ ካርቦን ሞኖክሳይዱን አያስቀርም፤ እንዲያውም ከላይ ያለው ከሰል ይጨምርበታል። ጭሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ አይቆጠቁጥም፤ ሰውም በጥልቀት ይስባል። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች እንደሚሉት አንድ ሰዓት ሺሻ ላይ የተቀመጠ ሰው የሚስበው የጭስ ብዛት ከአንድ ሲጋራ ከ100 እስከ 200 እጥፍ ሊሆን ይችላል። የገጠሩ ጋያም ቅሉ ውስጥ ውኃ አለው፤ ነገሩ ያው ነው።

አሁን ወደ ማቆሙ። ሲጋራ የተወ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሳሉ ሊብስበት ይችላል፤ ብዙዎች «ካቆምኩ ወዲህ ነው ያመመኝ» ብለው የሚመለሱት እዚህ ላይ ነው። የሚሆነው ግን ሌላ ነው፤ ሲሊያዎቹ እያገገሙ የከረመውን እያወጡ ናቸው። በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ከደም ይወጣል። ከወር እስከ ዘጠኝ ወር ባለው ጊዜ ሳሉና የትንፋሽ ማጠሩ ይቀንሳል። በዓመቱ ማጨስ ያመጣው ተጨማሪ የልብ ሕመም አደጋ በግማሽ ይወርዳል፤ በ10 ዓመት የሳንባ ካንሰሩ አደጋ ማጨሱን ከቀጠለ ሰው ግማሽ ያህል ይሆናል። የፈረሱት ከረጢቶች ባይመለሱም የመፍረሱ ፍጥነት ይቀንሳል። የእንግሊዝ ሐኪሞች ክትትል እንዳሳየው በ30 ዓመቱ የተወ ከሚጠፋው ዕድሜ 10 ዓመቱን ያህል፣ በ40 የተወ 9፣ በ50 የተወ 6፣ በ60 የተወ 3 ዓመት ያተርፋል። «ከእንግዲህ ምን ይጠቅመኛል» ለሚሉ አባቶች ይህን የመጨረሻውን ቁጥር እንዲነግሯቸው እለምናለሁ፤ ሦስት ዓመት የልጅ ልጅ አድጎ ሲናገር የሚሰማበት ጊዜ ነው።

ኒኮቲን ከሳንባ አንጎል ለመድረስ ከ10 እስከ 20 ሴኮንድ ይበቃዋል፤ ሱሱን ጽኑ የሚያደርገው ይህ ፍጥነት ነው። ስለዚህ መተው ከባድ መሆኑ የፈቃድ ድክመት አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ይከብዳሉ፤ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ አብዛኛው ይረግባል። እያንዳንዱ አምሮት የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ውኃ መጠጣት፣ ከተቀመጡበት ተነሥቶ መራመድ ያሳልፈዋል። ሐኪም ካማከሩ የኒኮቲን ማስቲካና ሌሎች መድኃኒቶችም አሉ። ጫት ሲቅም ብቻ የሚያጨስ ሰው ግን ለመጀመሪያው ወር ከሲጋራው ጋር ጫቱንም ቢተው ይሻለዋል፤ ምርቃና ላይ ሆኖ ጎረቤቱ የለኮሰውን ሲጋራ እምቢ ማለት ከሁሉም ይከብዳልና።